ሰባት ጊዜ የተመታው ድንጋይ

ጆሮ ያን ድንጋይ ለምን ሰባት ጊዜ መታው?

ግንበኛው ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት በሆዱ ይዞት ኖሯል። ሲሚንቶ ሲያቦካ ይመጣበታል፤ ቱንቢ አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ይመጣበታል። መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘውም። ሌላውን ድንጋይ ሁሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ሲመታ የኖረ ሰው ያን አንዱን፣ ያውም የከተማው ውሃ በሙሉ የሚቀመጥበትን፣ ሰባት ጊዜ መታው። ከዚያ ባርኔጣውን ደፋና «ሥር አለው» አለ።

ጆሮ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሲሠራ ድማሚት ያለ ሰዓቱ ፈንድቶ የግራ ጆሮውን ወሰደው። ለስድስት ወር ያህል ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን እያየ ዝም ብሎ ይስቅ ነበር ይላሉ። ከዚያ በኋላ የቀኙ ጆሮ የሁለቱን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። ዲጂኖ፣ ያ ከባዱ የድንጋይ መፈንቀያ ብረት፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰምቶ፣ የትኛው የተራራው አካል እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቋጥኝ እንደሆነ መለየት ጀመረ። ካባውን ትቶ መሠረት ቆፋሪ ሆነ፤ በኋላም መቆፈሩን ለሌላ ትቶ ሰዎች የሚጠሩት ለጆሮው ብቻ ሆነ። ሲተኛ እንኳ ደህናውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጎ ነው። በትራስ ታፍኖ ያደረበት ቀን የለም።

አመታቱም የራሱ ወግ ነበረው። መጀመሪያ ባርኔጣውን ያወልቃል። በቀኝ ጉልበቱ ይንበረከካል፤ ግራ መዳፉን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ዲጂኖውን በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያነሣል። አንድ። ይሄ ለቆዳው ነው ይላል። ሁለት። ለሆዱ። ሦስት። ከሥሩ ላለው። በሦስተኛው ዓይኑን ሲጨፍን በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ወይ «ሥር አለው» ነው፣ ወይ «ሥር የለውም»። አለው ካለ ግንበኛው ካዙላውን፣ የሲሚንቶ መለጠፊያውን፣ ያነሣል። የለውም ካለ ባለቤቱ ቢለምንም ቢያኮርፍም ቁፋሮው ይቀጥላል። ቃሉ መሬት ጠብ አትልም ነበር።

ጆሮ የግንበኛውን እህት ነው ያገባው። «እህቴንም ሦስቴ አንኳኩቶ ነው የወሰዳት» ይል ነበር ግንበኛው፣ ሰው በተሰበሰበበት።

«ባንኳኳኝማ ጥሩ ነበር» ትላለች እህቱ። «ከድንጋይ ጋር ያወራውን ሩቡን እንኳ ከእኔ ጋር አላወራም።»

በደህናው ጆሮው በኩል ተቀምጣ እያወራች እንኳ ጆሮ እንዳልሰማ ይሆናል።

እንግዲህ የውሃው ታንከር። ከከተማው በላይ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር እንደ አጥር የሚያቋርጥ የአፈርና የድንጋይ ጉብታ አለ። በጉብታው አናት ላይ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ቋጥኝ ተጋድሟል። ከሥሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ቀጥሎ አርባ ምናምን ቤቶች ተደርድረዋል። ታንከሩ ይሠራ በተባለ ጊዜ መሐንዲሱ ምድር የሚሰረስር መኪና እንዲመጣለት ጠየቀ። መኪናው ለመምጣት ስምንት ወር ይፈጃል ተባለ። ጆሮ እያለ ምን መኪና ያስፈልጋል አሉት፤ ሰውዬውም ግራ እየገባው እሺ አለ።

ጆሮ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተንበረከከ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግንበኛው እንደ ልማዱ ካዙላውን አነሣ። አራት። የግንበኛው እጅ አየር ላይ ቀረ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ከሰባተኛው በኋላ ባርኔጣውን ደፋ። «ሥር አለው» አለ ጆሮ፤ መሐንዲሱ ያቀረበለት ወረቀት ላይም ፈረመ። የቆመው ሰው አጨበጨበ። ግንበኛው ሊጠይቀው አፉን ከፍቶ ነበር። መጠየቅ ግን መጠራጠር ነው፤ ጆሮን መጠራጠር ደግሞ ያን ጊዜ በማንም ልብ አይታሰብም። አፉን ዘጋ፤ ካዙላውን ሲሚንቶ ውስጥ ነከረ፤ ሦስት መቶ በርሜል የሚይዘውን ታንከር ቋጥኙ ላይ ገነባ።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ግንበኛው በታንከሩ የታችኛው ጎን ቁጢጥ ብሎ ስንጥቅ ይለጥፍ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ስንጥቅ ሲለጥፈው ሦስተኛው ነው። ሲሚንቶው ይደርቃል፣ ይጸናል፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ፀጉር የምታህል መስመር እዚያው ቦታ ላይ ትመለሳለች፤ እየሰፋችም የካዙላ ጫፍ እስከማስገባት ትደርሳለች። አጠገቡ ከቧንቧው መጋጠሚያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሣሩ ሌላው ቦታ ደርቆ ሳለ እዚያ ብቻ ለምለም ነበር። ግንበኛው ሣሩን ከዓመት በላይ አይቶታል፤ አስቦበት ግን አያውቅም።

ከታች የተማሪዎች ድምፅ ሰማ። የጆሮ ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ክፍሏን ይዛ ወጥታ፣ መንገዱ ዳር ምድሩን ሰንጥቆ የወጣ፣ ጀርባው የለሰለሰ ግራጫ አለት ላይ ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ታፈስ ነበር። አለቱ ሲረጥብ በላዩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ። ሁሉም አንድ አቅጣጫ የያዙ፣ ሁሉም ወደ ሸለቆው አፍ የሚያመለክቱ ናቸው።

«ይህን የጫረው በረዶ ነው» አለቻቸው።

ግንበኛው ከላይ ሆኖ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ በረዶ ጣሪያ ሲበሳ አይቻለሁ። ድንጋይ ሲጭር ግን አላየሁም።»

«የሚዘንበውን አይደለም የምለው አጎቴ።» ተማሪዎቹን አስከትላ ወጣች። «በጥንት ዘመን ተራራው አናት ላይ ወርዶ ሳይቀልጥ፣ በላዩ ሌላ እየተጨመረበት፣ ሺህ ዓመት የተጠራቀመውን ነው። ውፍረቱ ከዚህ እስከዚያ ገደል ጫፍ ይደርሳል። ያን ያህል ሲከብድ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። በቀን ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር።»

«ቢንሸራተትስ? በረዶ ልስልስ ነገር ነው። ልስልስ ነገር ድንጋይ ይቆርጣል?»

«ወረቀት እንጨት ይልጋል?»

«ወረቀትማ እንዴት ብሎ ይልጋል። የብርጭቆ ወረቀት ከሆነ ነው እንጂ። እሱም ቢሆን የሚልገው አሸዋው ነው፣ ወረቀቱማ አሸዋውን መያዣ…» ግንበኛው ንግግሩን ሳይጨርስ ቆመ።

«በረዶውም እንደዚያው ነው» አለች። «ከሥሩ አሸዋና ድንጋይ ነክሶ ነው የሚሄደው። ወንዝ ብቻውን የቆፈረው ሸለቆ ታቹ በመጥረቢያ እንደተሰነጠቀ እንጨት ጠባብ ነው። የእኛን ደግሞ እየው። ወለሉ ሜዳ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፤ ገንዳ ነው። በረዶው ነው እንደዚህ የፋቀው። ያ ከጎን የሚወረወረው ፏፏቴ ደግሞ፣ የጎኑን ሸለቆ የቆፈረው ትንሹ በረዶ የትልቁን ያህል መቆፈር አቅቶት የዚያ ሸለቆ ደጃፍ አየር ላይ ስለቀረ ነው። ላይ ያለው ክቡ ሐይቅ በረዶው መጀመሪያ ተቀምጦ የጎደጎደበት ወንበሩ ነው።»

ግንበኛው ካዙላውን እንደያዘ ዞሮ ሸለቆውን አየው። ስድሳ ዓመት ኖሮበታል። እያንዳንዱን ግድግዳ እኔ ሠራሁት የሚለው ቤት ውስጥ፣ ወለሉንና ዋናውን ግድግዳ ቀድሞ ሌላ ግንበኛ ገብቶ እንደሠራው የተነገረው ሰው መሰለ። 

«ይሄ የቆምንበት ጉብታስ?»

«የበረዶው ጓዝ ነው። ጠራርጎ ያመጣውን ሁሉ፣ አቅሙ አልቆ ሲቀልጥ፣ በደረሰበት ጣለው። አፈሩንም፣ ጠጠሩንም፣ ቋ…»

 ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ውሃ ታንከሩ የቆመበት ቋጥኝ ላይ አፈሰሰችው። ቋጥኙን ከሸፈነው የድንጋይ ሽበት ሥር መስመሮቹ ወጡ። ወደ ሸለቆው አፍ አያመለክቱም። አግድም ነው የሚሄዱት፤ ከጥጉ ዞር ባለው ጎን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። ሽበቱን በጥፍሯ ፋቀችው። ድንጋዩ እንደ ታችኛው ግራጫ አልነበረም። ቀይ ነጠብጣብ ነበረው።

«አጎቴ» አለች በቀስታ፣ «ይሄን ድንጋይ ማን አዞረው?»

ግንበኛው ከግንባታው ጎን ለጎን እንጨትም ሲልግ የኖረ እጅ አለው። መላጊያ የሄደበት መስመር እጅ የሄደበትን መንገድ ይናገራል። ገበታው ላይ መስመሩ አግድም ከመጣ ገበታው ዞሯል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ካዙላው ላይ የነበረው ሲሚንቶ ተንሸራቶ ጫማው ላይ ወደቀ።

«እንደዚህ ዓይነት ቀይ ድንጋይ ያለው ሐይቁ በላይ ካለው ገደል ላይ ብቻ ነው» አለች። «ከዚህ ግማሽ ቀን መንገድ ነው። በረዶው ተሸክሞ ነው ያመጣው።»

ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ አየች። ተማሪዎቿን ሰብስባ ወረደች። ርዕሰ መምህሩን ምን እንዳለችው አይታወቅም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ግቢው ባዶ ሆነ።

ጆሮን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የዲጂኖውን ጫፍ በሞረድ ሲያሾል አገኙት። ልጁ በቀኙ በኩል ተቀምጣ ያየችውን ነገረችው። እሱ ሞረዱን አላቆመም። ግንበኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ የሞረዱን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት።

«የተቀመጠ ቋጥኝ አውቃለሁ» አለ ጆሮ በመጨረሻ። «ከሥሩ ልል አፈር ስላለ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ያኛው አላስተጋባም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ከሥሩ ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው ትያለሽ?»

«ጭቃም አሸዋም ጠጠርም፣ አንድ ላይ የተደባለቀ። የተራራ ቁመት ያለው በረዶ በላዩ ላይ ተቀምጦ ሺህ ዓመት የረገጠው ነው። ደረቅ ሲሆን ዶማ አያስገባም። እንደ አርማታ ነው።»

ሞረዱ ቆመ።

«እንግዲያው ብመታው…»

«እንደ ድንጋይ ነው የሚመልስልህ።»

ጆሮ ዲጂኖውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «ውሃ ሲያገኝስ?»

 ግንበኛው ያን ጊዜ ነው ለምለሙ ሣር ትዝ ያለው። ጠብ ጠብ የሚለው ቧንቧ፣ ሦስቴ የለጠፈው ስንጥቅ፣ ሁሉም በአንዴ ተያይዘው መጡበት።  

«ና አማቼ» አለ ጆሮ። «ዲጂኖህንና አካፋ ያዝ።»

ግንበኛው በታችኛው ጎን፣ ጆሮ በላይኛው ጎን ቆፈሩ። በመሀላቸው የቋጥኙ ጥግ ነው፤ ሦስት እርምጃ ያህል ይሰፋል፤ በላዩ የተሰነጠቀው የታንከሩ ጎን ተቀምጧል። ጆሮ ጋ አፈሩ ደረቅ ነበር። ዶማው እየነጠረ ተመለሰ። ጆሮ ቆፍሮ ያጸዳት አንድ ክንድ ጉድጓድ ውስጥ ተንበረከከና፣ ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከአፈሩ ላይ፣ ዲጂኖውን በወፍራሙ ጫፍ አንዴ መታ።

አፈሩ ጮኸ። ከታች እንደወጣ አለት፣ ደረቅና ሙሉ ድምፅ ሰጠ።

«ሰማኸው?» አለ ጆሮ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። «ጭቃ ነው እኮ። ይሄ የሚናገረው ጭቃ ነው፣ አማቼ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭቃ ሲያናግረኝ…» አልጨረሰውም።

ግንበኛው ጋ ግን ሌላ ነበር። ከሣሩ በታች አካፋው እንደ ሊጥ ውስጥ ገባ። ጥቂት ከቆፈረ በኋላ የራሱን ዲጂኖ በቋጥኙ ሥር አግድም ገፋው። መጀመሪያ ጠጠር ያዘው፤ ቀጥሎ ለቀቀው፤ እስከ ክርኑ ገባ፣ እስከ ብብቱ ገባ። ግንበኛው ደረቱን ጭቃ ላይ አስተኝቶ መግፋቱን ቀጠለ። በወዲያኛው ጎን ጆሮም ደረቁን አልፎ እርጥቡ ላይ ደርሶ ስለነበር እየገፋ ነው። ሁለቱም አይተያዩም።

ከዚያ ጠቅ አለ።

የብረትና የብረት ድምፅ ነበር። የግንበኛው ዲጂኖ በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በላያቸው ሦስት መቶ በርሜል ውሃ አለ፤ ከውሃው በታች ቋጥኝ አለ፤ ከቋጥኙ በታች ሁለቱ ሽማግሌዎች በዲጂኖ ጫፍ ተጨባብጠዋል።

 ግንበኛው ብረቱን ለመሳብ እንኳ ፈራ።

የውሃ ቢሮው ኃላፊ ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። ጭቃ በጭቃ የሆኑትን ሰዎች ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ታንከሩን አሁኑኑ ባዶ አድርግ ሲሉት መሳቢያውን ከፍቶ አንድ የቆየ ወረቀት አወጣ።

«ጋሽ ጆሮ፣ ይሄ ፊርማ የእርስዎ አይደለም እንዴ? ‹ሥር አለው› ይላል።»

«የእኔ ነው።»

«ዛሬ ደግሞ የለውም ይላሉ። አጥኚዎች ልጠራ እችላለሁ፣ በሁለት ሳምንት ይመጣሉ። ከተማውን በሙሉ ውሃ ነሥቼ ግን… የትኛውን ቃልዎን ልመን?»

ጆሮ ወረቀቱን ወሰደ፤ ከጠረጴዛው እስክሪብቶ አንሥቶ ከድሮው ፊርማ በታች «ሥር የለውም» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመም። ሥራ ላይ በዋለ እጅ የተጻፈ ነውና ወረቀቱ ጭቃ ሆነ።

«ሁለቱንም አትመን» አለው። «ና ተከተለኝ።»

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ኃላፊው ሱሪውን እየሰበሰበ ቁጢጥ አለ። ጆሮ የዲጂኖውን እጀታ አስያዘው። «ጨበጥ አድርገህ ያዝ። አትሳበው፣ አትግፋው።» ከዚያ ወደ ወዲያኛው ጎን ተጣራ፤ «አማቼ፣ አንኳኳ።»

ግንበኛው በወዲያኛው ብረት ሦስቴ አንኳኳ።

የኃላፊው መዳፍ ውስጥ ሦስቴ ተመታ። ሰውዬው ቀና ብሎ ታንከሩን አየ፤ ዝቅ ብሎ እጁን አየ።   ከዚያ ብረቱን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወደ ቫልቩ ሮጠ።

ውሃው በጉብታው ጀርባ በኩል ወደ ወንዙ ሲፈስ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ከአርባዎቹ ቤቶች ሰው ወጥቶ ባዶ ጄሪካኑን ይዞ ቆመ። ጆሮ ባርኔጣውን አውልቆ ከፊታቸው ነበር።

«ጆሮ እንዲያው አርጅቶ ድንጋይ ፈራ» አለ አንዱ።

«ሚስቱ ናት ያስፈራራችው።»

«በረዶ አመጣው አሉ። እኛ ታዲያ ማን ነው ያመጣን?»

ሳቁ።  ያን ያህል ሰው ሲሳለቅበት ግንበኛው ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ጆሮ ግን የሚሰማ አይመስልም ነበር፤ ደህናውን ጆሮ ወደ ቋጥኙ አዙሯል።

ውሃው ሊያልቅ ሲል ግንበኛው ወደ ስንጥቁ ሄደ። ጠዋት የለጠፈው ሲሚንቶ በቦታው የለም። መሬት ላይ እንደ ረጅም ምላስ ወድቋል። ስንጥቁን ሊያይ አጎነበሰ፤ ስንጥቅ የለም። ጠዋት ካዙላ ጫፍ የምታስገባው ቀዳዳ አሁን ጥፍር አታስገባም። ታንከሩ ሲሞላ ቋጥኙ አጎንብሶ ስንጥቁን ይከፍተዋል፤ ታንከሩ ሲቀል ቋጥኙ ቀና ብሎ ይዘጋዋል፤ ሲዘጋም ልጣፉን ይተፋዋል። ግንበኛው ሁለት ዓመት ሲለጥፍ የኖረው ግድግዳ አልነበረም። አንድ ትልቅ ነገር ተኝቶ ሲተነፍስ አፉን ሊደፍን ነበር የሞከረው።

ኃላፊውን ጠርቶ አሳየው። ጄሪካን የያዙትም መጥተው አዩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አንዲት ሴት ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈችና ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር አየች። ብዙ ጊዜ አየችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ቤቱ ገብቶ ይተኛ ነበር። ጆሮ ግን በእሱ ቃል ድንጋይ ላይ የቆመ ሠላሳ አራት ቤት አለበት። ዝርዝር የለውም፤ ሁሉንም በድምፁ ያስታውሰዋል። «ያ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው» ይላል፤ «ያ እንደ ደወል የሚጮኸው።» ዓርብ ጠዋት የሽቦ ብሩሽ፣ ጄሪካን ሙሉ የወንዝ ውሃና ግንበኛውን ይዞ ወጣ። ልጁም ተከተለች። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ነበር። ከግድግዳው ሥር የወጣውን አለት በብሩሽ ፈገፈገው፣ ውሃ አፈሰሰበት። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ሸለቆው አፍ ሄዱ። ጆሮ እጁን ድንጋዩ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ። ልጁ ፊቷን አዞረች።

ከቤት ቤት ሄዱ። አብዛኛው ሥር ነበረው። አራት ቤቶች ጋ ግን መስመሩ አግድም ሆነ። ጆሮ በየደጃፉ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተሳስቻለሁ አለ፤ አራት ጊዜ።

«እና ቤቱን ልቀቂ ነው የምትለኝ?» አለች አንዷ ባለቤት፣ ወገቧን ይዛ።

«አይደለም። ቤትሽ ቀላል ነው፤ አፈሩም ደረቅ ነው። የጣሪያሽን ውሃ ግን ከዚህ ጥግ አርቂ። እዚህ ጋ ጠብታም እንዳትደርስ።»

«ይሄን ለማለት ነው ሁለት ቀን ሳትተኛ የቀረኸው? ዓይንህን በመስታወት አይተኸዋል?»

እውነቷን ነበር። ሐሙስም ዓርብም ሌሊቱን ጎኑን አላሳረፈም፤ «እህቴ ያየችው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው» ይላል ግንበኛው፣ «ጫማውን እንዳደረገ።»

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሦስቱ አለቁ። የቀረው የጆሮ የራሱ ቤት ነበር።

ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ሌላውን ሁሉ ጨርሰህ ነው የእኔ የደረሰው?»

በመኝታ ቤቱ ጥግ፣ ከውጭ በኩል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ራሱ ሦስት ጊዜ መትቶ የመረጠው ድንጋይ ጋ ተንበረከከ። ፈገፈገ። ውሃ አፈሰሰ። መስመሮቹ አግድም ነበሩ። ጆሮ ብሩሹን እንደያዘ አልተነሣም።

«ምን አለ?» አለች ሚስቱ።

«የመጣ ነው» አለች ልጇ። «ግን ደረቅ ነው እማዬ። ምንም አይሆንም።»

ሚስቱ ድንጋዩን አየች፤ ባሏን አየች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዬ ይንጫጫል ስለው፣ ‹ብርጭቆሽ ነው› ይለኝ ነበር።»

ጆሮ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ግንበኛው አልለየውም። ክንዱን ይዞ አነሣው፤ ወደ ውስጥ አስገባው፤ አልጋው ላይ አስቀመጠው። ጫማውን ራሱ ግንበኛው ፈታለት። ያን ጊዜ ነው አሥራ አንድ ዓመት የያዘውን ያወጣው።

«ያን ትልቁን፣ ያን ቀን፣ ሰባት ጊዜ ነበር የመታኸው። ለምንድን ነው?»

ጆሮ ጋደም እያለ ቀና ብሎ አየው። «ሦስት ጊዜ ነው።»

«እኔ ቆሜ ቆጥሬያለሁ እኮ።»

«ሦስት ነው የመታሁት፣ አማቼ። ለቆዳው፣ ለሆዱ፣ ከሥሩ ላለው። ሁልጊዜ ሦስት ነው።»

ግንበኛው ዓይኑን አየው። ውሸት የለበትም። እጁ ከሱ ተደብቆ አራት ጊዜ ጨምሮ ይሆን? ያ ደህናው ጆሮ አንድ ነገር ሰምቶ፣ ለጌታው ሳይናገር ቀርቶ ይሆን? ወይስ ሰውዬው ያወቀውን ለራሱ እንኳ ለመንገር ፈርቶ ነበር? ግንበኛው ቢጠይቅ የሚመልስለት እንደሌለ ገባው፤ እሱም ቢሆን ያን ቀን አፉን ከፍቶ የዘጋ ሰው ነው።

ጆሮ ወደ ጥጉ ዞረ። ሥር በሌለው ድንጋይ በኩል ፊቱን አደረገ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ደህናውን ጆሮ ትራሱ ውስጥ ቀበረ። ውጭ ከባድ መኪና አለፈ። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ እሱ አልሰማም፤ እንቅልፍ ወስዶታል። ሚስቱ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።